ቤቱን የለካሁበት ሜትር

ማክሰኞ 4

ይህን የምጽፈው የደንበኞቼን ልክ በምመዘግብበት ደብተር ነው፤ ከኋላ በኩል ገልብጬ። ከፊት ደረት፣ ወገብ፣ ቁመት፤ ከኋላ የኔ ጣጣ። አዲስ ደብተር አልገዛም፤ ከዛሬ ጀምሮ ያለን ሁሉ ለቤቱ ነው።

ቤቱን አየነው። እንዴት ብዬ ልጻፈው? የሽያጭ ሠራተኛዋ በሩን ስትከፍተው እግሬ ደፉ ላይ ቀረ። ሃምሳ ዓመት ኖሬ ማንም ያልኖረበት ቤት ገብቼ አላውቅም ለካ። የተከራየናቸው ቤቶች ሁሉ ሌላ ሰው የመታው ምስማር፣ ሌላ ሰው ያቁላላው ሽንኩርት ሽታ ነበራቸው። እዚህ ግን ገና ማንም አልተኮራረፈም፣ ማንም አልታመመም። ነጭ ግድግዳና የሲሚንቶ ሽታ ብቻ። የከሰዓት ፀሐይ በሳሎኑ መስኮት ገብታ ወለሉ ላይ ተዘርግታለች። ጫማዬን አውልቄ ረገጥኳት፤ ሞቀችኝ። ባለቤቴ «ምን ሆነሻል?» አለኝ። ምንም አልሆንኩም፤ አፌን ከፍቼ ነው የቀረሁት።

ከሁሉም በላይ ፎቅ አይደለም፤ መሬት ላይ ነው። አሁን የምንኖረው አራተኛ ፎቅ ነው፤ ስልሳ ሁለት ደረጃ፣ አሳንሰር የለው። እማዬን ስትሮክ ከመታት ሁለት ዓመት አለፈ። ከዚያ ወዲህ ከቤት የወጣችው አራት ጊዜ ብቻ፣ ያውም ለሐኪም፣ ያውም ባለቤቴ አዝሏት ነው። ከአራተኛው በኋላ «ከእንግዲህ… ስሞት… አውርዱኝ» አለች። ለማሳቅ ነበር፤ ማንም አልሳቀም።

አዲሱ ቤት ሦስት ደረጃ ብቻ ነው ያለው። እሷን ደጅ ፀሐይ ላይ አስቀምጬ ሰው ሲያልፍ ስታይ ታየኝና ሆዴ ባባ። ማታ ሽንት ቤት ደግፌ ስወስዳት ሁሉንም ነገርኳት። እንደ ሁልጊዜዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ስለነበር ደስ ይበላት አይበላት አላየሁም።

ረቡዕ 5

ባለቤቴ አውቶቡስ የሚነዳበት መሥሪያ ቤት የሰባት ሹፌሮች ዩኒፎርም አዘዘኝ፤ የእሱም አለበት። ልካቸውን ሌላ ሰው ለክቶ በወረቀት ነው የላኩልኝ። እሰየው፣ ገንዘቡ ለቅድሚያ ክፍያው ይደርሳል። ሐሳቤ ቤቱ ላይ ስለሆነ አንድ እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ። ፈታሁት።

ዓርብ 7

ድርድር ተጀመረ። የሽያጭ ሠራተኛዋ ልጅ እግር ናት፤ ሰማያዊ ፋይል ከእቅፏ አይለይም። ባለፋይሏ ብያታለሁ።

«ዋጋው የተቆረጠ ነው እትዬ» አለችኝ ገና ሳልቀመጥ።

እኔ ለፈለፍኩ። ኪራዩን፣ ደረጃውን፣ እናቴን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩላት። ባለቤቴ እጁን አጣጥፎ ዝም። አንድ ቃል አልወጣውም። እሷ እሱን ታያለች፣ ፋይሏን ትገልጣለች፣ መልሳ እሱን ታያለች። ዝምታው ሲበዛባት «እሺ፣ ለእርስዎ ሲባል ሦስት ከመቶ እቀንሳለሁ» አለችው። ለእሱ! ሃያ ሦስት ዓመት አብሬው ስኖር ይህን ብልሃት ከየት እንደደበቀው ገረመኝ። ከቢሮው እንደወጣን «እንዴት አስችሎህ ዝም አልክ?» ብለው፣ «ሌሊት አሥር ሰዓት የጀመርኩ ሰው ነኝ፤ እንቅልፍ ይዞኝ ነበር» አለኝ።

ቀጥሎ ተጨማሪ ሥራዎቹ መጡ። ሦስት ነገር ጽፌ ነበር የሄድኩት። አንደኛ፣ በደጁ ሦስት ደረጃ ፋንታ ለተሽከርካሪ ወንበሯ የሚሆን ተዳፋት መወጣጫ። ሁለተኛ፣ የእማዬ ክፍል መስኮት ዝቅ እንዲል፤ አሁን ባለበት ከተቀመጠች ሰማይ እንጂ ሰው አይታያትም። ሦስተኛ፣ የሽንት ቤቱ በር እንዲሰፋ፤ ወንበሩ አያልፍም። ሦስተኛውን እንኳ ያስገባሁት ጭቅጭቁ ሲከር የምጥለው ነገር እንዲኖረኝ ነው። ለሽንት ቤቱ እኔ አለሁላት።

ባለፋይሏ የሦስቱን ዋጋ ደምራ አሳየችን። ከቀነሰችልን ይበልጣል። አንዱን ብንችል ነው።

እሑድ 9

ባለፋይሏ በሰጠችን ፕላን ላይ የየክፍሉ ልክ ተጽፏል። እኔ ደግሞ ሰው የለካውን ሳልለካ አላምንም። «ቤቱን ራሴ እለካዋለሁ» ብዬ ሜትሬን አንገቴ ላይ ጣል ሳደርግ እማዬ አየችኝ። ሜትሩ የእሷ ነበር፤ የዛሬ ሠላሳ ዓመት ስፌቱን ስታቆም ለእኔ አለፈ። «ቤቱን… በሱ?» አለችና ሳቀች። ሳል እስኪያንቃት ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ! ሙያዋ ለቤት መግዣ ሲውል ማየቷ ደስ ቢላት ነው አልኩ።

ቤቱ ጋ ስደርስ አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ብቻቸውን የጎረቤቱን አዲስ ግንብ ውሃ ያጠጣሉ።

«እሑድም ሥራ አለ ጋሼ?»

«ግንብ እሑድ አያውቅም እህቴ። ሰባት ቀን ካልጠጣ ይሰነጠቃል።»

ቆሜ አየኋቸው። ውሃውን የሚያፈሱት ታማሚ እንደሚያጠቡ ነው፣ በቀስታ፣ ከላይ ወደ ታች። የእኛን ቤት ግድግዳ ሁሉ ያቆሙት እሳቸው ናቸው። ያልደረቀ ግንብ ላይ መዳፋቸውን ለጠፍ አድርገው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ከዚያ «እዚህ ጋ ጠምቷል» ይላሉ። እኔም መዳፌን ለጠፍኩ፤ ለእኔ ግን ዝም ብሎ ግንብ ነው። ምን ዓይነት እጅ ነው! አርባ ዓመት ሠርተው አንድም ግድግዳቸው ጎደለ ወይ ጠመመ ተብሎ እንዳልተመለሰባቸው ነገሩኝ፤ ሲናገሩት ጉራ አይመስልም፣ ስማቸውን እንደመንገር ነው።

ሜትሬን አይተው «በሱ ነው የምትለኪው?» አሉኝ። «የእናቴ ነው፤ ከእርስዎ እኩል ሠርቷል» አልኳቸው። «ዕቃ የሚይዝ ሰው ደስ ይለኛል» ብለው ወደ ውሃቸው ተመለሱ።

በስፌት ጠመኔ ወለሉ ላይ ምልክት እያደረግሁ ክፍል በክፍል ለካሁ። ጉልበቴ አለቀ።

ሰኞ 10

ጎደለ። ሳሎኑ ፕላኑ ላይ ስድስት ሜትር ነው፤ በእኔ ልክ አምስት ሜትር ከሰማንያ ስምንት። የእማዬ ክፍልም ጎደለ። ኩሽናውም። ሁሉም። ሦስት ጊዜ ደመርኩት። ዘጠና ስድስት ካሬ ያሉት ቤት ዘጠና ሁለትን ትንሽ አለፍ ቢል ነው። ወደ አራት ካሬ! አራት ካሬ ማለት እኮ የእማዬ አልጋና መዞሪያዋ ነው።

ሌቦች። በዚያውም ደስ አለኝ፤ አሁን የምናገረው አገኘሁ።

ረቡዕ 12

ድል!

ባለፋይሏን ሳሎኑ መሐል አቁሜ በፊቷ ተንበርክኬ ለካሁላት። ሙሉውን ሜትር፣ መቶ ሃምሳ ሴንቲሜትሩን፣ ሦስት ጊዜ ዘረጋሁ፤ አራተኛው ላይ «ራስሽ አንብቢው» አልኳት። ጎንበስ ብላ «መቶ ሠላሳ ስምንት» አለች። ደመረች። ፊቷ ልውጥውጥ አለ። ለካ ባለፈው ዓመት በሌላው ረድፍ አንድ ገዢ እንዲሁ ጎደለ ብሎ፣ ተለክቶ እውነት ሆኖ፣ ቤቶቹን የሚያሠራው ኢንጂነር ፍርድ ቤት ድረስ ተመላልሷል። ወደ ጥግ ሄዳ ደወለችለት። «አዎ፣ በዓይኔ አይቻለሁ… እሺ… እሺ…» ስትል ሰማሁ።

ተመልሳ «እትዬ፣ ሦስቱንም ተጨማሪ ሥራ በነፃ እንሠራለን። ለሌሎቹ ገዢዎች ብቻ እንዳይነግሩብኝ» አለች። መወጣጫውም፣ መስኮቱም፣ በሩም! «ጥፋቱ የማን እንደሆነ እኛው በውስጥ እናጣራለን» ብላም ጨመረች።

ራሴን እንዲህ አድንቄ አላውቅም። ኮሌጅ የበጠሱ ሰዎች በኮምፒውተር የሠሩትን ቤት እኔ በጨርቅ ሜትር አንበረከክሁት። ባለቤቴ ማታ ሲሰማ «አንቺን ቀድሜ ያገባሁት እኔ በመሆኔ ዕድለኛ ነኝ» አለ። ከአፉ እንዲህ ያለ ነገር የሚወጣው በዓመት አንዴ ነው።

ቅዳሜ 15

ሦስቱ ሥራዎች በውሉ ረቂቅ ላይ ተጽፈዋል። ፊርማው ረቡዕ 26 ነው። ለእማዬ አነበብኩላት። ከስትሮኩ ወዲህ ቃል የሚወጣት አንድ በአንድ፣ ከጉድጓድ እንደሚቀዳ ውሃ ነው። «በምን… ለካሽው?» አለችኝ። «በሜትርሽ ነዋ!» አልኳት። ሌላ ነገር ልትል ታግላ አቃታት፤ በደህናው እጇ የወንበሩን ክንድ መታችው። ደስታው በዝቶባት ነው። ሜትሩን እንድትይዘው ሰጠኋት። አንዱን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ ሌላውን በግራ እጇ ወጠር ለቀቅ፣ ወጠር ለቀቅ እያደረገች ታየኛለች። እንደ ልጅ ስትጫወትበት አንጀቴን በላችው። ደንበኛ መጣብኝና ተቀበልኳት።

ማክሰኞ 18

ቤቱ ጋ ሄድኩ። ለመወጣጫው አሸዋ ተራግፏል። ሽማግሌው ግንበኛ የሉም፤ የጎረቤቱ ግንብ ደርቆ ነጥቷል።

ዘበኛውን «ጋሼ የት ሄዱ?» አልኩት።

«እዚህ እንዳትደርስ ተባሉ እኮ። አራት ካሬ አጥፍተሃል ብለው። ደሞዛቸውንም ይዘውባቸዋል።»

«ማን አለ አጠፉ ያለው?»

«እኔ ምን አውቄ። አንድ ገዢ ለክቶ አገኘ ነው የሚሉት።»

ያሳዝናሉ። ግን እንግዲህ የሰው ቤት የሚሠራ ሰው መጠንቀቅ አለበት። እኔ ኮት ባጠብብ ማን ይከፍልልኛል? ጨርቁን ከኪሴ ነው የምተካው። ተሳስተዋል፣ አለቀ። እርጅና ነው።

ሐሙስ 20

ዩኒፎርሞቹን ጨርሼ ላክሁ። ሰባቱም ያምራሉ።

ያ መዳፋቸው ግንቡ ላይ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ከዓይኔ አይጠፋም።

አርባ ዓመት አንድም አልተመለሰብኝም ያሉት ነገር። ሰው ይሳሳታል እንግዲህ።

ቅዳሜ 22

ዛሬ ባለቤቴ አዲሱን ዩኒፎርም ለብሶ መጣና በሩ ላይ ቆመ። «ምን ይታይሻል?» አለኝ። ሱሪው ጫማው ላይ ተደርቧል፤ ወገቡም ይዞራል። «ከሳህ እንዴ?» አልኩት። «እኔ ብቻ ብሆን ጥሩ ነበር። ሰባታችንም ታላቅ ወንድማችንን የወረስን መስለናል። ኃላፊው ሲታጠቡ ያጥራሉ ወይ ብሎ ጠየቀኝ።»

አንድ ቢሆን ስህተት ነው። ሰባቱም፣ ሁሉም ሱሪ እኩል ሁለት ሴንቲሜትር? ወረቀቱን አወጣሁ፤ የቆረጥኩት ልክ በወረቀቱ ነው። ከመሳቢያው የብረት ማስመሪያውን አወጣሁ፤ ሠላሳ ሴንቲሜትር ናት። ሜትሬን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ማስመሪያዋን አምስት ጊዜ አስከተልኩ። አምስት ጊዜ ሠላሳ መቶ ሃምሳ ነው። የሜትሬ መቶ ሃምሳ ግን ሦስት ሴንቲሜትር አልፎ ሄዶ ነው የተገኘው።

ደገምኩት። ደገምኩት።

ጨርቅ ነው። ስንወጥረው፣ ስንወጥረው፣ ረዝሟል። በረዘመ ሜትር የተለካ ቤት ደግሞ ቁጥሩ ያንሳል። ሳሎኑ ስድስት ሜትር ነበር። ልክ ስድስት። ያ ሁሉ ዓመት አንድ ደንበኛ ያልጮኸብኝ ሰውየውንም ጨርቁንም በዚያው ሜትር ስለምለካ ነው፤ ሁለቱም እኩል ስለሚሳሳቱ ልብሱ ልክ ይመጣል። ሌላ ሰው የለካውን ቁጥር ሲነካ ብቻ ነው የሚዋሸው። ይህ ነገር እየገረመኝ፣ እየገረመኝ፣ እዚያው ወንበሩ ላይ ቀረሁ። እንዲህ ያለ ውሸት ሠላሳ ዓመት አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ስኖር አላወቅሁም።

ቀና ስል እማዬ ታየኛለች። «ረ…ዝሟል» አለች። «ድሮ… በኔ… ጊዜ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

በግራ እጇ አየር ላይ ወጠር ለቀቅ አደረገች። ነግራኝ ነበር። ያን ቀን ሜትሩን በጥርሷ ይዛ ስትነግረኝ እኔ ትጫወታለች ብዬ ጽፌያለሁ። እዚሁ ደብተር ላይ አለ።

ባለቤቴ ሁሉንም ሰማ። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ፤ እንቅልፍ አልነበረም። ከዚያ «ረቡዕ እንፈርማለን። ከፈረምን በኋላ ንገሪያቸው» አለ። እውነቱን ነው፤ ስልሳ ሁለቱን ደረጃ ያዘላት እሱ ነው።

ሰኞ 24

የሰባት ሰው ሱሪ ማሳጠርና ማጥበብ አለብኝ፣ በነፃ። ወደ ቢሮው ለመሄድ ጊዜ አላገኘሁም።

ማክሰኞ 25

ዝናብ። አልሄድኩም። በስልክ የሚነገር ነገር አይደለም።

ዝናቡ ከሰዓት በፊት ነበር ያቆመው።

ረቡዕ 26

ሜትሩንም የብረት ማስመሪያውንም በቦርሳዬ ይዤ ሄድኩ። ለባለቤቴ አልነገርኩትም፤ ግን ቦርሳዬን ሲያየው አይቼዋለሁ።

ባለፋይሏ ውሉን ዘረጋች፣ እስክሪብቶውን ወደ እኔ ገፋችው። የምፈርምበት ቦታ ላይ ትንሽ መስቀል አድርጋልኛለች። ከመስቀሏ በላይ ሦስቱ መስመሮች አሉ፤ መወጣጫ፣ መስኮት፣ በር። ሳነባቸው እማዬ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ታየችኝ፣ ጥላዋ ሳይቀር። እስክሪብቶውን አነሳሁ። ከዚያ የግንበኛው መዳፍ መጣብኝ፤ አስቀመጥኩት። ሜትሩን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ፣ ማስመሪያውን አምስት ጊዜ አስከተልኩ። እሷም ሦስቷን ሴንቲሜትር በጣቷ ነካቻት።

«ቤቱ ሙሉ ነው» አልኳት። «ግንበኛው አልተሳሳቱም። እኔ ነኝ።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ባለፋይሏ ዝቅ ባለ ድምፅ «እትዬ፣ ለምን ከፈረሙ በኋላ አልነገሩኝም?» አለችኝ። «እሱማ ባለቤቴም ብሎኝ ነበር» ስላት ባለቤቴ ጣሪያ ጣሪያውን አየ።

ኢንጂነሩ ጋ ደወለች። የሚጮኸው ድምፁ ጠረጴዛው ድረስ ይሰማል፤ እሷ ግን እኔን ሳትወቅስ «በደንብ ሳላጣራ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለችው። ይህን ስትል አፌን ከፍቼ አየኋት። ሃያ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ እኔ ሃምሳ ሞልቶኝ ለዚህች አንድ ዓረፍተ ነገር አራት ቀን ፈጅቶብኛል። ስልኩን ዘግታ ሦስቱን መስመሮች በማስመሪያዬ አስደግፋ ሰረዘቻቸው። የሦስት ከመቶው ቅናሽ ባለበት ቀረ። ፈረምን።

ስንወጣ ባለቤቴ «አሁን ማን ይሙት፣ እኔ ብሆን አልናገርም ነበር» አለ። ትንሽ ሄደን ደግሞ «ጥሩ አደረግሽ» አለኝ። እያለቀስኩ ስለነበር መሐረቡን ሰጠኝ፤ የሞተር ዘይት ይሸታል።

ዓርብ 28

ግንበኛው ተመልሰዋል። አጥሩ ጋ ቆሜ ለመግባት ፈራሁ። እሳቸው ናቸው የጠሩኝ፣ «ነይ እህቴ፣ ነገሩን ሰምቻለሁ።»

ይቅርታ ስላቸው ወዲያው እሺ አላሉኝም፤ እንደዚያ ያሉ ሰው አይደሉም። ባልዲ ገልብጠው አስቀመጡኝና ነገሩኝ። «ደሞዙ አይደለም የጎዳኝ። እኔ ራሴ አንቺን ማመኔ ነው እንጂ። አራት ካሬ ከጎደለ ሌላውስ አልኩ። የብረት ሜትሬን ይዤ የሠራኋቸውን ቤቶች ማንኳኳት ጀመርኩ። ከአሥር፣ ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት የሠራኋቸውን። ሰዎቹ ይስቃሉ፤ ሳሎናችሁን ልለካ ስላቸው።»

«ስንት ቤት ለኩ?»

«አሥራ አንድ።»

«ጎደለ?»

«አንድም።»

አሥራ አንድ ቤት። ሰው ሶፋውን እየገፋላቸው፣ በዚያ ዕድሜያቸው በጉልበታቸው እየሄዱ። እኔ ግን ሜትሬን እንኳ አልለካሁትም፤ ማስመሪያው በመሳቢያዬ፣ ከእጄ ሥር እያለ። ሜትሬን ጠየቁኝ፤ ከእሳቸው የብረት ሜትር ጎን ዘርግተው ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ይስቃሉ። «ሜትሩ አልዋሸሽም፤ ሰው ሲጎትተው ኖሮ ነው» አሉኝ።

እሑድ 30

ከቅድሚያ ክፍያው የተረፈው የሹፌሮቹ ሥራ ገንዘብ አንዱን ተጨማሪ ሥራ ይችላል። አንዱን ብቻ። እማዬ ትምረጥ ተባባልን።

«መወጣጫው ይሁን ወይስ መስኮቱ?» ብዬ ጠየቅኳት። ሁለቱን ብቻ ነው የጠየቅኩት።

ራሷን ነቀነቀች። «በሩን።»

«የደጁን በር? እሱማ ሰፊ ነው እማዬ።»

«የሽንት… ቤቱን።»

«ለሱ እኮ እኔ አለሁ።»

ቃሉን ስትፈልግ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ፤ አላጣደፍኳትም። «አንቺ… ስላለሽ ነው» አለች። ከዚያ «ብቻዬን» አለች። ጥርት አድርጋ፣ ሳትንተባተብ። ከሁለት ዓመት ወዲህ እንዲህ ጥርት ብሎ የወጣት ቃል አላስታውስም።

ይህን ደብተር ከመጀመሪያው ገልጬ አነበብኩት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች ብዬ የጻፍኩት እኔው ነኝ። በቀን አምስት ጊዜ፣ ሁለት ዓመት፣ እየደገፍኩ፣ ልብሷን እያነሳሁ፣ እያወራሁ። ስለ ቤት፣ ስለ ፀሐይ፣ ስለ ደንበኛ። ፀሐዩን የፈለግሁት እኔ ነበርኩ። አፈርኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ።

ቅዳሜ 6

ሽማግሌው ግንበኛ በሩን አፍርሰው አሰፉት። ባለፋይሏ ሌላ ሠራተኛ መድባ ነበር፤ እሳቸው «ይሄን ግድግዳ ያቆምኩት እኔ ነኝ፣ የምነካውም እኔ ነኝ» አሉ። ወንበሩን ይዤ ሄጄ ነበርና «ስፋቱን ለኪው» አሉኝ። የብረት ሜትራቸውን ለመቀበል እጄን ስዘረጋ ከለከሉኝ።

«በራስሽ።»

«እሱ እኮ…»

«ወንበሩንም በሩንም በሱ ከለካሽ ልክ ነው። ልብስ ሰፊ አይደለሽ?»

ወንበሩን ለካሁ፣ በሩን ለካሁ፣ በየጎኑ አራት ጣት ትርፍ አስቀመጥን። ወንበሩ ሳይነካካ ገባ፤ ውስጥ ዞረ። ሦስት ጊዜ አስገብቼ አወጣሁት፤ ግንበኛው ሳይሰለቹ አዩኝ። ባለቤቴ ደግሞ ከጋራዡ ከአሮጌ አውቶቡስ የተነቀለ የእጅ መያዣ ብረት አመጣ፤ በግራዋ በኩል ግድግዳው ላይ ተከልነው። ቢጫ ነው። «ስንት ሺህ ሰው ይዞት ቆሟል፤ እሷንም ይችላታል» አለ።

እሑድ 14

ገባን። ሦስቱ ደረጃዎች እንዳሉ ናቸው። ሰባቱ ሹፌሮች ባሳጠርኩላቸው ሱሪ መጥተው እማዬን ከነወንበሯ ስልሳ ሁለቱን አወረዷት፣ ሦስቱን አወጧት። «ወራጅ አለ!» ይላሉ በየፎቁ። እሷም ግራ እጇን አንስታ ለየጎረቤቱ ሰላምታ ስትሰጥ ንግሥት ትመስላለች። መወጣጫው በሚመጣው ዓመት፣ እስከዚያ ባለቤቴ ሳንቃ አመጣለሁ ብሏል። መስኮቷ ከፍ እንዳለ ነው፤ ሰማይ ብቻ ነው የሚያሳየው።

ሰኞ 15

ጠዋት የስፌት መኪናዬን ሳስተካክል የወንበሩ ጎማ ድምፅ ሰማሁ። በግራ እጇና በግራ እግሯ ነው የምትገፋው፣ ቀስ እያለች፣ አንዴ ግድግዳውን ነክታ፣ ተመልሳ። ብድግ አልኩ። ደርሼ እጄን ወደ ወንበሩ ስዘረጋ ሳታየኝ በሩን አልፋ ገባች። በሩ ተዘጋ።

ከውጭ ቆምኩ። ብትወድቅስ? እጄ እጀታው ላይ ነው። ቢጫው ብረት ሲንጓጓ ሰማሁ፤ ከዚያ ትንፋሿን፣ ከዚያ ዝምታ። «እማዬ» ልል አፌን ስከፍት መቀርቀሪያው ቀጭ አለ።

ከውስጥ ቆለፈችው።

እጄን ከእጀታው ላይ አነሳሁ። በእግሬ ጣት እየሄድኩ ወደ መኪናዬ ተመለስኩና እንደማላዳምጣት እንድታውቅ ስፌቱን ጀመርኩ።